ዋስ ያጣው ትል

እኔ አጥር አጣሪ ነኝ። አጥር የሚያጥር ሰው ወደደም ጠላም የሁለት ግቢ ሰው ነው፤ በወዲህ በኩል የተወራውንም በወዲያ በኩል የተወራውንም ይሰማል። ይህን የምነግራችሁን ጉዳይ ግን ከማንም አልሰማሁትም፤ እንጨት ሳቆም፣ ልጥ ስቋጥር፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። የከተማችንን ስም ግን አትጠይቁኝ። ለስሟ ዋስ የነበሩት ሰውዬ ከሞቱ ወዲህ ተተኪ ስላልተገኘ ስሟን በአደባባይ መጥራት ክልክል ነው።

ሕጋችን ግልጽ ነው። በከተማችን ማንኛውም ነገር ዋስ ያስፈልገዋል። ላምም ትሁን ድመት፣ ዛፍም ይሁን አራስ ልጅ፣ አንድ ሰው አደባባይ ወጥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይህ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሌላም አይሆንም» ማለት አለበት። ዋስ የሌለው ነገር ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ከእኛ ጋር አይኖርም። ሌላ አገር ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር እንጃለት። እኛ ግን ጎረቤት ደጃፍ የታሰረው በግ በግ መሆኑን አረጋግጠን ነው የምንተኛው።

እርግጥ ሕጉ ትንሽ ጣጣ አያጣም። ነገር ያድጋል። «ጥጃ ነው፤ ሌላም አይሆንም» የተባለለት ጥጃ አንድ ቀን በሬ ሆኖ ይገኝና ዋሱን ጉድ ያደርገዋል። «ሕፃን ነው» የተባለው ልጅ ጢም ያወጣል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የይቅርታ ቀን የምናከብረው። ልጆቻቸው የጎረመሱባቸው አባቶች፣ ጫጩቶቻቸው ዶሮ የሆኑባቸው ሴቶች ይሰለፉና በየተራ፣ «ብዬ ነበር። አልሆነም። ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ሕዝቡም ይቅር ይላል፤ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል። ደስ የሚል በዓል ነው። ይቅርታ አልጠይቅም ያለ ዋስ ግን እስኪጠይቅ ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ሠርግም ላይ፣ ልቅሶም ላይ። ምግቡን በትከሻው በኩል እናቀብለዋለን። ጨካኞች አይደለንም።

ከዋሶቻችን ሁሉ ግትሩ የእትዬ አሰገደች ባል፣ ጋሽ ገሠሠ ነበር። በጎልማሳነቱ ከመንገድ ይዟት የመጣትን አንዲት ፍሬ አጥሩ ሥር ቀበራት። ስትበቅል ጊዜ አደባባይ ወጥቶ፣ «ሎሚ ነው፤ ሌላም አይሆንም» አለ። ዛፉ አደገ፤ እሾህም አወጣ፤ ቅጠሉን ሲያሹት ሎሚ ሎሚ ይላል። በእኛ ሕግ ግን ዛፍ የሚታወቀው በፍሬው ነው፤ ሽታን ነፋስም ሊያመጣው ስለሚችል ምስክር አድርገን አንቀበለውም። ፍሬ ደግሞ የለም። አበባም የለም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ዛፉ እንደ መከነ ቀረ፤ ሰዉም «የገሠሠ በቅሎ» የሚል ስም አወጣለት።

በየይቅርታው ቀን ሽማግሌዎች ይለምኑታል። በል ገሠሠ፣ አልሆነም በልና ፊትህን እንየው ይሉታል። ጋሽ ገሠሠ ሁልጊዜ የሚመልሳት አንዲት መልስ ነበረችው። «ገና ነው» ይላል። ይህን ብሎ በርጩማውን አዙሮ ይቀመጣል። በርጩማዋን ራሱ ነው የጠረባት፤ በሄደበት ሁሉ ይዟት ይሄዳል፤ እቤቱ ሲሆን ደግሞ ዛፉ ፊት ለፊት ያስቀምጣታል። እንዲህ እንደተቀመጠ አረጀ፣ እንዲህ እንደተቀመጠም ሞተ። ሕግ ሕግ ነውና፣ በልቅሶው ቀን እሱ መዞር ስላልቻለ እኛው ጀርባችንን ሰጥተን አለቀስንለት። እትዬ አሰገደች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ስታየው የዋለችው የሰው ጀርባ ነው። አንድም ፊት አላየችም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ የይቅርታ ቀን እየቀረበ ሳለ፣ እትዬ አሰገደች ከዛፉ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር አየች። እምቡጥ ነው። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ስንት ዓመት ከተሳቀባት በኋላ አፏን ሞልታ የምትናገርበት ድፍረት ከየት ይምጣ? ጠዋት ጠዋት እየወጣች ዛፉን ከላይ እስከ ታች መፈተሽ ብቻ ሆነ ሥራዋ። እምቡጡ ይፈካል፣ አበባው ያፈራል፣ የባሌም ቃል እውነት ይሆናል ብላ ነው። ጉዱን ያገኘችውም እንዲህ ስትፈትሽ ነው።

አንድ ቅጠል ላይ ጠቆር ያለ፣ መሃሉ ነጣ ያለ፣ እርጥብ ነገር ተለጥፏል። እኔ አጥሩ ላይ ነበርኩ። ደምለው ደግሞ ከወዲያ በኩል አንገቱን አስግጎ ያያል። ደምለው ጎረቤቷ ነው፤ ዛፉን በቅሎ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ዋስ መሆን የሚወድ ሰው ነው፤ አንዳንዱ ሰው ሠርግ እንደሚወድ። ምንድን ነው ይሄ ብላ ጠየቀችው። አንዴ ገልመጥ አደረገና መልስም ሳይሰጣት በቀጥታ ወደ አደባባይ ሄደ። እዚያም፣ «አሰገደች ሎሚ ላይ ያለው የወፍ ኩስ ነው፤ ሌላም አይሆንም» ብሎ ዋስ ሆነ።

ሲመለስ ኩሱ ሌላ ቅጠል ላይ ወጥቶ ይበላል።

ደምለው ኩስም ቢሆን ሲርበው ይበላል አለ። ሰው መጣ፤ ተሰበሰበ፤ ኩሱ ሲራመድ፣ ኩሱ ሲያኝክ፣ ኩሱ ራሱ ኩስ ሲጥል ታየ። ማስተባበል አልተቻለም። ደምለው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ይቅርታው ቀን ድረስ ጀርባውን ለሰው እንዲሰጥ ሆነ። እትዬ አሰገደች መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክታነባ ሳቀች።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። በዛፉ ላይ አደጋ መጣ። ኩስ ያልሆነው ነገር ምን እንደሆነ ስላልታወቀ፣ ያልታወቀን ነገር ምንነት የሚለዩት የለዪዎች አለቃ ተጠሩ። አለቃ እንግዳወርቅ የተከበሩ ሰው ናቸው። አያታቸው በዘመናቸው፣ «ቢራቢሮ ከተክሉ ተነስቶ የሄደ አበባ ነው፤ ሌላም አይሆንም» ብለው ለቢራቢሮ ሁሉ ዋስ የሆኑ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት አንድም ሰው በይቅርታ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ሹመቱም የጸናላቸው በዚሁ ነው። ሲሄዱ አንድ ከረጢት ያንጠለጥላሉ። በከረጢቱ ውስጥ ዋስ ያላቸው ነገሮች አሉ፤ የገመድ ቁራጭ፣ ደረቅ በርበሬ፣ የአተር እሸት፣ ጭራሮ፣ የላም ቀንድ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። አዲስ ነገር ሲመጣ እያወጡ ያስጠጉለታል፤ አንዱን መምሰሉ አይቀርም። ከከረጢቱ አንዱንም የማይመስል ነገር ቢኖር ኖሮ እስካሁን እንሰማ ነበር።

እሳቸው ሲደርሱ ነገርዬው ቆዳውን ጥሎ፣ አረንጓዴ ለብሶ፣ ትከሻው ላይ ዓይን የመሰለ ምልክት አውጥቶ ቆያቸው። መጀመሪያ ገመዱን አስጠጉ፤ አልመሰለም። በርበሬውን አስጠጉ፤ አልመሰለም። ደረቅ አባጨጓሬም ነበራቸው፤ ግን አባጨጓሬ ጠጉር አለው፣ ይለበልባል፣ ይሄ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ አባጨጓሬ አለመሆኑ ወዲያው ተረጋገጠ። የአተሩ እሸት ግን ተቀራረበ። አተር ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ለማጣራት ያህል በዘንጋቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

ከአናቱ ላይ ሁለት ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አለ። ክፉ ሽታም አብሮት መጣ። አለቃ ወደኋላ ሸሹ፤ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው የላም ቀንዱን ከከረጢቱ አወጡ።

ቀንድ ያለው ከብት ነው አሉ። ይሸታል፤ ከብትም ይሸታል። ስለዚህ ይህ በሬ ነው፤ አጭር በሬ። አንድ ሰው ዋስ ይሁነው፤ በይቅርታው ቀንም ቀንበር ተሸክሞ ይታይ። ዋስ ካጣ ግን የበላውን ይዞ ከከተማ ይውጣ።

እትዬ አሰገደች፣ የበላው እኮ ቅጠል ነው አለቻቸው።

«ቅጠሉ የማን ነው?»

«የዛፉ።»

«እንግዲያው ዛፉን በልቷል። ዛፉ ተቆርጦ አብሮት ይወጣል።»

ሕጉን ለሚያውቅ ሰው የሚያከራክር ነገር የለውም። እትዬ አሰገደች ግን ቀና ብላ የዛፉን ጫፍ አየች፤ ፊቷ ዱቄት መሰለ። ያ እምቡጥ ሳይፈካ ዛፉ ከወደቀ ባሏ ለዘለዓለም ውሸታም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሰው መክሯት ነበር። እኔም ራሴ ለምን በጫማሽ አትጨፈልቂውም አልኳት። ያልታወቀ ነገር የገደለ ሰው ምን እንደገደለ የማስረዳት ዕዳ እንዳለበት አስታወሰችኝ፤ እውነቷን ነው፤ በችኮላ ነው የተናገርኩት። ደምለው ደግሞ አንቺው ዋስ ሁኚዋ፣ በሬ ነው በይና ተገላገይ አላት።

«ትናንት ኩስ ነበር፤ ዛሬ በሬ ነው» አለችው። «ነገ ምን ሆኖ እንደሚያድር ሳላውቅ ሌላም አይሆንም ብዬ ልማል?»

ደምለውም የደረሰበት ደርሶበታልና ነገሩን ተወው። ሌላ ዋስም አልተገኘም። ያ ሁሉ ለዋስነት የሚሽቀዳደም ሰው ለዚያ ትል ሲሆን እግሬ አውጪኝ አለ።

ይልቅ አንድ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ደምለው ሰው ባለበት ሁሉ ግድግዳ ማየት ስለሰለቸው እትዬ አሰገደች ግቢ እየመጣ መዋል ጀመረ። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ዛፉ ሆነ፤ ሳይወድ በግዱ ትሉን ማየት ጀመረ። ውሎ አድሮ ወደደው። ከሰንበሌጥ ትንሽዬ ቀንበር ሠርቶ ሊጠምደው ሞከረ፤ ቀንበሩ በአንድ በኩል ሲገባ በሌላ በኩል ይወልቃል። ትሉ ሲቆጣ ደግሞ ቀንዱን አውጥቶ ይሸትበታል። እትዬ አሰገደችም ሥራዋን እየሠራች ትስቅበታለች። አንድ ቀን ትሉ ፊቱን ወደ ግንዱ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ ቅጠል ሲያኝክ አይታ፣ «ገሠሠ እንዲህ ነበር የሚበላው» አለች። ከዚያ ወዲያ ይህን ትል ማን ይንካው።

በኋላ አንድ ማለዳ ደምለው፣ እትዬ፣ በሬሽ ራሱን አስሯል ብሎ ተጣራ። እውነትም ከግንዱ ላይ በቀጭን ክር ታስሮ ቆሟል። አይበላም፣ አይሄድም፣ ቢነኩት ቀንድ የለም። በማግስቱ ሲያዩት ደግሞ በሬም አልነበረም፤ የተሰበረ ደረቅ እንጨት መስሏል። እትዬ አሰገደች ሞተብኝ ብላ አዘነች። እምቡጡም ገና አልፈካም። የይቅርታው ቀን ግን ደረሰ።

በዓሉ የተጀመረው በእሷ ግቢ ነው። አለቃ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ከፊት፣ ምሳር የያዙ ሁለት ሰዎች ከኋላ፣ የቀረው ሕዝብ የበዓል ልብሱን ለብሶ ከኋላ ከኋላ መጣ። ደምለው እንደተፈረደበት ጀርባውን ሰጥቶን ዛፉ ሥር ተቀምጧል። አለቃ በሬው የታለ አሉ። እትዬ አሰገደች በጣቷ አሳየቻቸው። አለቃ ቀረብ ብለው አዩ፤ ጭራሮ አውጥተው አስጠጉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሬው ጠፍቷል፣ ይህ ጭራሮ ነው፣ የተበላው ዛፍ ግን እዚሁ ቆሟል አሉ። ምሳር ለያዙትም ምልክት ሰጡ።

እትዬ አሰገደች ግንዱን ተደግፋ ቆመች። አላለቀሰችም። እኔም ብሆን የዚያን ዕለት በዓሉ አላማረኝም።

«ቆዩ» አለ ደምለው፤ ፊቱን ሳያዞር። «ጭራሮው ተሰንጥቋል።»

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከስንጥቁ ውስጥ የረጠበ፣ የተጨማደደ፣ ታጥቦ ያልተሰጣ ጨርቅ የሚመስል ነገር እየተጎተተ ወጣ። ግንዱን ይዞ ተንጠለጠለ። ቀስ በቀስ ተዘረጋ። ጥቁር ነው፤ በቢጫ የተነቆጠ ነው፤ ክንፍ ነው። ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ስሙን የጠራ ግን የለም። ሁሉም ዘወር ብሎ አለቃን አየ።

አለቃ ላብ አጠመቃቸው። ቢራቢሮ ከትል ወጣ ቢሉ አያታቸው ሐሰተኛ ዋስ ይሆናሉ፤ እሳቸውም በዚያችው ዕለት፣ በዚያው ሕዝብ ፊት መሰለፋቸው ነው። እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተው ብዙ ፈለጉ። እትዬ አሰገደች ይህን ስታይ ግንዱን ለቃ ቀረበቻቸው።

«አለቃ፣ ይሄ የወጣው ምንድን ነው?» አለች።

«አበባ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ተነስቶ የሚሄድ አበባ።»

«ከየትኛው ተክል የተነሳ?»

«ከዚሁ ከዛፉ ነዋ።»

«ዛፉስ? ዋስ ከሌለው ዛፍ አበባ ይነሳል እንዴ? ለዚህ ዛፍ ዋስ የሆነ አንድ ሰው ነው። እሱ ያለውን ያውቁታል።»

አለቃ ምሳሮቹን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ደርቆ ክንፉን የሚያርገበግበውን አበባ አዩ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የሎሚ አበባ ነው» አሉ።

አበባው ብድግ አለ፤ አጥሬን ተሻግሮ ሄደ። ምሳር የያዙትም ምሳራቸውን መሬት አስቀመጡ። ደምለውም ተራው ስለነበር እዚያው እንደተቀመጠ፣ ብዬ ነበር፣ አልሆነም፣ ይቅር በሉኝ አለ፤ ይቅር አልነው። ፊቱን ማዞር ይችል ነበር፤ ግን ለምዶት ዛፉን ማየቱን ቀጠለ።

አለቃ ብልህ ሰው ናቸውና ለጋሽ ገሠሠ ሲሆን ችኮላ አላሳዩም። አበባ አበባ ነው፣ ፍሬ ፍሬ ነው፣ ፍሬው እስኪቀመስ የሟቹ ጉዳይ ይቆይ አሉ። እትዬ አሰገደች አልተከራከረችም። መጠበቅ እሱ ለምዷል ብላ ወደ ቤቷ ገባች። በዚያው ሳምንት ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ፈካ፤ ግቢው በመዓዛው ታወደ። ሽታውን ግን በምስክርነት አልተቀበልነውም።

በሚቀጥለው ዓመት የይቅርታ ቀን ዛፉ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ጠበቀን። ከረጢቱ ውስጥ ሎሚ ስላልነበረ አለቃ ሊቀምሱ ግድ ሆነ። ቆርጣ ሰጠቻቸው። ነከሱ። ፊታቸው ተጨማደደ፣ አንድ ዓይናቸው ተከደነ፣ ጆሯቸው ተንቀሳቀሰ። ምላሳቸው ሲመለስላቸው «ሎሚ ነው» አሉ፤ ከማለታቸው በፊትም ፊታቸው ተናግሮ ጨርሶ ነበር።

አሁን ያልታሰበ ችግር መጣ። ላልሆነለት ዋስ የሚባል ነገር አለን፤ ጀርባውን ከሰጠ በኋላ ያለው ለሆነለት ዋስ ግን ምን እንደሚባል አናውቅም። ደርሶብን አያውቅም። ሽማግሌዎች ሲጨቃጨቁ እትዬ አሰገደች ቤት ገብታ የጋሽ ገሠሠን በርጩማ ይዛ ወጣች። ድሮ በሚያስቀምጣት ቦታ፣ ዛፉ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት፤ በርጩማዋም ጀርባዋን ለእኛ ሰጠች። ደምለው በርጩማዋን አንስቶ ሊያዞራት ጎንበስ አለ።

«ተዋት» አለችው። «እናንተ ናችሁ የምትዞሩት።»

ነገር ግን ከበርጩማዋ ፊት ለመቆም ከዛፉ ወዲያ ማለፍ ነበረብን፤ ከዛፉ ወዲያ ያለው ደግሞ አጥሬ ነው። ሰዉ አየኝ። የገዛ ሥራዬን በገዛ እጄ ፈታሁት፤ ልጡን እየቆረጥኩ፣ እንጨቱን እየነቀልኩ። ሕዝቡ በደምለው ግቢ በኩል ዞሮ መጥቶ በዛፉ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ባዶዋን በርጩማ ፊት ለፊት ቆመ። አለቃ ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡ። ከአለቃ ቤት ሰው በይቅርታ ሰልፍ ሲቆም የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

«ብለህ ነበር» አሉ። «ሆነ። ይቅር በለን።»

እኛም ተከትለን አልን፤ ድምፃችን እኩል አልወጣም። መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ሁላችንም እትዬ አሰገደችን አየናት። እሷ በርጩማዋ አጠገብ ቆማ፣ እጇን ሟቹ ትከሻ ይሆንበት የነበረ ቦታ ላይ አድርጋ፣ ጥቂት አሰበች።

«ገና ነው» አለች። «መጀመሪያ ቅመሱ።»

ሎሚውን እያወረደች፣ እየከፈለች ለሁላችንም አደለች። ከሽማግሌ እስከ ሕፃን አንድ የቀረ የለም፤ እኩል ነከስን፤ የከተማው ሰው ፊት በሙሉ አንድ ላይ ተጨማደደ። እትዬ አሰገደች ከዳር ጀምራ እያንዳንዳችንን ፊት ለፊት አየችን፤ አንድም ፊት ሳትዘልል፣ ሳትቸኩል፣ እየሳቀች አየችን። ከዚያ ወደ በርጩማዋ ዞራ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

«አሁን ይቅር ብሏል» አለች።